ኤኤም ወይስ ኦንላይን? ጸናጽሉን አዳምጡ

"የኦንላይን ሬዲዮ ድምፅ ከኤኤም ይሻላል?" ሲባል የብዙ ሰው መልስ "ምን ጥያቄ አለው!" ነው። ኢንተርኔቱ አዲስ፣ ኤኤም የሚሰራጭበት መካከለኛ ሞገድ የአያት ዘመን ዕቃ። ጆሮ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። በ24 ኪሎቢት ኤምፒ3 የተለቀቀ ስትሪም (ቁጥሩ በየሰከንዱ የሚላከው የዳታ መጠን ነው)፣ ጥርት ብሎ ከገባ የኤኤም ስርጭት የባሰ ሆኖ ይገኛል፤ በወጉ የተሠራ የ64 ኪሎቢት ስትሪም ደግሞ ኤኤምን አጠገቡ አያስደርሰውም። ነገሩን የሚወስነው ድምፁ ከስቱዲዮው ማይክሮፎን ተነስቶ ጆሯችሁ እስኪደርስ ካለፈባቸው በሮች ሁሉ ጠባቡ ነው። የጀበናው ሆድ የቱንም ያህል ቢሰፋ ቡናው የሚወርደው በአፉ ልክ ነው።

ለማነጻጸር ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የገና ወይም የጥምቀት ማኅሌት በቀጥታ ሲተላለፍ ከበሮውንና ዜማውን ለጊዜው ተዉትና ጸናጽሉን ብቻ ተከተሉ። ጸናጽል ቀጫጭን ብረት እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ጉልበቱ ያለው ላይኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው። በኤኤም ደብዝዞ "ጭክ ጭክ" ከማለት አያልፍም፤ አንዳንዴም ከበሮው ውጦት ጭራሽ አይሰማም። በደካማ ስትሪም ይሰማል፤ ግን ጸናጽል መሆኑ ቀርቶ ከሩቅ የሚፈስ ውኃ ወይም በወንፊት የሚነፋ ዱቄት ይመስላል። በጥሩ ስትሪም ብረቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ጆሯችሁ እነዚህን ሦስቱን ከለመደ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ "ለምን እንዲህ ሆነ?" ለሚለው መልስ ነው።

የኤኤም ጠባብ በር

የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች አየሩን የሚካፈሉት በዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። አፍሪካን፣ አውሮፓንና እስያን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የጄኔቫ ዕቅድ በጣቢያና በጣቢያ መካከል 9 ኪሎ ኸርዝ ይሰጣል። በአሜሪካ አህጉር ርቀቱ 10 ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲታወቅበት የኖረው 873 ለ9 ሲካፈል 97 ይመጣል፤ የፋና 1080 ደግሞ 120። ሁለቱም በዘፈቀደ የተመረጡ ቁጥሮች አይደሉም። ይህን የ9 እና የ10 ነገር ያዙት፣ መጨረሻ ላይ ይፈለጋል።

ኤኤም ድምፁን የሚልከው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ከተሸካሚው ሞገድ በላይ፣ ሌላውን ከታች። ስለዚህ እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ አየር ላይ 10 ኪሎ ኸርዝ ይይዛል። 9 ብቻ ለተሰጠው ጣቢያ ጎረቤቱን ሳይረግጥ የሚተርፈው 4.5 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ መልቀቅ ይፈቀዳል፤ ጎረቤት ጣቢያዎች ማታ ማታ እየተደራረቡ ቢንጫጩም።

ዋናው ጥፋተኛ ግን ማሰራጫው አይደለም። በእጅ የሚያዙት ትናንሽ ሬዲዮዎች የጎረቤት ጣቢያ እንዳይገባባቸው ሲሉ ማጣሪያቸውን አጥብበው ከ3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ይቆርጡታል። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያስተላልፍ ነበር። "ኤኤም ስልክ ስልክ ይላል" የሚለው ሰው በቁጥርም ትክክል ነው። የማጣሪያ ስፋት መምረጫ ቁልፍ ያለው መቀበያ ከተገኘና ማሰራጫው ቅርብ ከሆነ ግን፣ በቀን ሰዓት ወደ 6 ኪሎ ኸርዝ አስፍቶ መስማት ነው። ያን ጊዜ "ይሄ ኤኤም ነው?" የሚያሰኝ ድምፅ ይወጣል።

ሠራ ወይስ ፈራ?

ይህ መቆረጥ አማርኛን የሚጎዳበት መንገድ አለው። የ"ሰ" ፉጨት አብዛኛው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው። እሱ ሲቆረጥ የሚተርፈው ትንፋሽ "ፈ"ን ይመስላል። "ሠራ" እና "ፈራ"፣ "ሳቀ" እና "ፋቀ" በጠባብ ኤኤም ላይ የሚለዩት በዓረፍተ ነገሩ ስሜት ነው እንጂ በድምፁ አይደለም። ዜና ላይ ችግር የለውም፤ ጆሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የማይታወቅ የሰው ወይም የቦታ ስም ሲነበብ ነው የሚታየው። የቆዩ የኤኤም አንባቢዎች ስም ሲደርሱ ረገጥ አድርገው ቀስ የሚሉት ለከንቱ አይደለም።

መጥበቅና መላላት ግን ከኤኤም ምንም አይነካውም። "ገና ነው" ሲባል ጊዜው አልደረሰም ለማለት ይሁን በዓሉን ለመጥራት፣ ልዩነቱ "ነ"ዋ በቆየችበት ጊዜ ርዝመት ላይ ስለሆነ ጠባብ በርም ያሳልፈዋል።

ደካማ ስትሪም የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። "ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ" ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ናቸው፦ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ ድንገተኛ ፍንጥቅታ። ኤምፒ3 ድምፁን ወደ 26 ሚሊ ሰከንድ በሚጠጋ ቁራጭ ከፋፍሎ ነው የሚያሽገው። ቢት ሲያንሰው የሚፈጥረው ስህተት በቁራጩ ውስጥ ይበተንና ከፍንጥቅታው በፊት የነበረውን ዝምታ ይሞላዋል። መሐንዲሶች ቀድሞ የሚመጣ ማሚቶ ይሉታል። ውጤቱ ፍንጥቅታው መለዘቡ ነው፤ "ቀዳ" ወደ "ከዳ" ይጠጋል። ውኃ ስለቀዳ ሰው የሚወራውን "ከዳ" ብሎ መስማት ቀልድ ይመስላል፤ በ16 ኪሎቢት ስትሪም ላይ ግን የሚደርስ ነገር ነው። ኤኤም በዚህ በኩል ታማኝ ነው። ፍንጥቅታው ያለበት የድምፅ ክልል ማጣሪያውን ስለሚያልፍ፣ በሹሹታ መሀልም ቢሆን "ቀ" "ቀ" እንደሆነች ትደርሳለች።

ለዜናና ለውይይት ብቻ ከሆነ እንግዲህ፣ ጥርት ብሎ የሚገባ ኤኤም ከ32 ኪሎቢት በታች ከሆነ ኤምፒ3 ይልቅ ይመረጣል።

ሙዚቃ ሲመጣ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ያውም እንደ መሣሪያው ነው። በአቢይ ጾም በሬዲዮ የሚለቀቀውን በገና ውሰዱ። ጅማቱ ድልድዩ ላይ ከቆዳ ቁራጭ ጋር እየተነካካ የሚሰጠው ዝዝታ ነው በገናን በገና የሚያደርገው። የጅማቱ መሠረታዊ ድምፅ በጣም ወፍራም ስለሆነ የትንሽ ሬዲዮ ስፒከር አያወጣውም፤ ዝዝታው ውስጥ ያሉት ድርብርብ ድምፆች ግን በ3 ኪሎ ኸርዝ ውስጥም ብዙ ስለሆኑ ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ይሠራዋል። በገና በኤኤም የሚያምረው ለዚህ ነው። በ32 ኪሎቢት ኤምፒ3 ዝዝታው ይሟሟና የንብ ቀፎ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚሰማ ይመስላል። ዋሽንት ላይ የሚጠፋው ትንፋሹ ነው፤ ማሲንቆ ላይ የጭራው ፍትጊያ። ጭብጨባና እልልታ ደግሞ የኮዴክ (እንደ ኤምፒ3 ያለ የድምፅ ማሸጊያ ዘዴ) ሁሉ መቅሰፍት ናቸው፤ ለሠርግ ዘፈን ከ64 ኪሎቢት በታች አትድከሙ።

ቢትሬት ብቻውን አይናገርም

ስትሪም ሲመዘን ሦስት ነገር አብሮ ይታያል፦ ኮዴኩ፣ ቢትሬቱ (የኪሎቢቱ መጠን)፣ ሞኖ ወይም ስቴሪዮ መሆኑ። ያው 64 ኪሎቢት በሦስት መልክ ይመጣል። ኤምፒ3 ስቴሪዮ ከሆነ እያንዳንዱ ጎን በቂ ስለማይደርሰው ድምፁ ይዋኛል፤ ሳህን በውኃ ውስጥ እንደመምታት ነው። ኤምፒ3 ሞኖ ከሆነ ለንግግር በጣም ጥሩ፣ ለሙዚቃም የማያሳፍር ይሆናል። ኤችኢ-ኤኤሲ ከሆነ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ኤኤሲ ፕላስ የሚባለው፣ በስቴሪዮም ሙዚቃ ይሸከማል። ይሄኛው ዘዴ አለው፦ የታችኛውን የድምፅ ክፍል በትክክል ይልክና የላይኛውን ከታችኛው እየቀዳ በትንሽ መመሪያ ይሠራዋል። ጸናጽሉ ይሰማል፤ የምትሰሙት ግን በከፊል ግምት ነው። በስልክ ስፒከር ማንም አይለየውም፣ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ግን ይታወቃል።

በ24 እና በ32 ኪሎቢት ኤምፒ3 ኢንኮደሩ (አሻጊው) ብዙ ጊዜ የናሙና መጠኑን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ ከ44.1 ወደ 22.05 ኪሎ ኸርዝ፣ አንዳንዴም ወደ 11.025 ያወርደዋል። መጨረሻው ላይ የሚተርፈው ድምፅ ከናሙናው ግማሽ አይበልጥም፤ 11.025 ማለት 5.5 ኪሎ ኸርዝ ማለት ነው። ይሄው ኤኤም ሆነ፣ ያውም የኮዴክ መዋኘት ተጨምሮበት። በሌላው ጫፍ፣ ከ128 በላይ ለንግግር ጣቢያ የሚወጣ ቢት የአድማጩን ዳታ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ዳታ ካነሳን፣ 32 ኪሎቢት በሰዓት 14.4 ሜጋባይት ይበላል፣ 64ቱ 28.8፣ 128ቱ 57.6። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሰማ ሰው በ64 ኪሎቢት በወር 1.7 ጊጋባይት፣ በ128 ወደ 3.5 ጊጋባይት ይፈጃል። ለኤኤም የሚወጣው የድንጋይ ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፅ የሚገድለው ግን መደራረብ ነው። ዘፈኑ ከዩቲዩብ ወርዶ ኤምፒ3 ሆነ፤ አንድ። ፕሮግራሙ ተቀድቶ እንደገና በኤምፒ3 ተቀመጠ፤ ሁለት። ስትሪሙ ራሱ አሸገው፤ ሦስት። አድማጩ በብሉቱዝ ስፒከር ሰማው፣ ብሉቱዙም በራሱ ኮዴክ እንደገና አሸገው፤ አራት። እያንዳንዱ ኮዴክ "ሰው አይሰማውም" ያለውን ይጥላል፤ አራቱ የጣሉት ሲደመር ግን ሰው ይሰማዋል። የመጨረሻው ስትሪም 128 ይሁን 320 ለውጥ የለውም።

ስትሪሙን ገልጦ ማየት

ጣቢያው "ጥራት ያለው ድምፅ" ብሎ ቢያስተዋውቅም ባያስተዋውቅም እውነቱ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። የስትሪሙን አድራሻ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቱ፤ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ስትጫኑ ኮዴኩን፣ የናሙና መጠኑንና የቻናሉን ብዛት ያሳያችኋል። ይህ ግን የመጨረሻውን በር ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ቀደም ያሉትን ለማየት አንድ ሁለት ደቂቃ ቅዱና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ እይታውን ወደ ስፔክትሮግራም ቀይሩት። ድምፁ እንደ ቀለም ይታያል፤ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን። ዓይናችሁን ቀለሙ በቀጥታ መስመር የሚቆረጥበት ላይ ጣሉ።

16 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከተቆረጠ የተለመደ የ128 ኤምፒ3 ነው፣ ደህና ነው። 15 ላይ ተቆርጦ 19 ላይ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ከታየ፣ አንድ ሰው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ ነው የሚለቅቀው፤ መስመሩ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ምልክት ነው። ስትሪሙ የኤፍ ኤሙን ሹሹታ ሁሉ ተሸክሟል ማለት ነው። 4.5 ላይ ከተቆረጠ ምንጩ ኤኤም ወይም አጭር ሞገድ ሳይሆን አይቀርም። 3.4 ላይ ከሆነ ስልክ ነው። ታች 50 እና 100 ኸርዝ ላይ የማያቋርጥ መስመር ካለ፣ ስቱዲዮው ውስጥ የመብራት ኃይል በድምፅ ገመዱ ገብቷል። ቪኤልሲ 128 ስቴሪዮ እያለ ስፔክትሮግራሙ 4.5 ላይ የሚቆም ስትሪም ማየት ብርቅ አይደለም። ባለ 40 ሊትር በርሜል ውስጥ አንድ ጣሳ ውኃ።

ሲበላሹ እንዴት ይበላሻሉ

ኤኤም ሲደክም በቅጡ ነው የሚደክመው፤ ሹሹታው ይጨምራል፣ ድምፁ ይርቃል፣ ነገር ግን ቃሉ ይያዛል። ስትሪም ሲደክም ይቆማል። ኔትወርኩ አንዲት የዳታ ጥቅል ሲጥል ሰርቨሩ እንደገና እስኪልክ ማጫወቻው ቀድሞ ካጠራቀመው ጎተራ ይበላል፤ ጎተራው ሲያልቅ ያ ክብ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። የኔትወርክ ፍጥነት ማነስ ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው፤ 64 ኪሎቢት ለማንኛውም ስልክ ቀላል ነው። የሚያቆራርጠው መንጠባጠቡ ነው፤ ስለዚህ ቢትሬት መቀነስ ሁልጊዜ አያድንም።

መዘግየቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አይስካስት የሚባለው ብዙ ጣቢያ የሚጠቀምበት ሰርቨር፣ አድማጭ ሲገባ ወዲያው እንዲጀምርለት 64 ኪሎባይት ያህል ያለፈ ድምፅ በአንዴ ያፈስለታል። ይህ በ128 ኪሎቢት 4 ሰከንድ፣ በ64 ኪሎቢት 8 ሰከንድ ነው፤ በ24 ግን 22 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ትንሹ ስትሪም ይበልጥ ይዘገያል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። ኤችኤልኤስ በሚባለው መንገድ የሚለቁት ደግሞ ድምፁን ብዙውን ጊዜ በ6 ሰከንድ ቁራጭ ይከፋፍሉና ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ ወደኋላ ብሎ ይጀምራል፤ 18 ሰከንድ ከመነሻው ጠፋ። ጎረቤት በኤኤም "ጎል!" ብሎ ሲጮህ የእናንተ ቡድን ገና ከመሀል ሜዳ እያሻገረ ነው። በሰዓት ምልክቱም ሰዓታችሁን አትሙሉ።

የኤኤም የራሱ የከፋ በሽታ ማታ የሚመጣ መጨማደድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀን ቀን ሞገዱን ይውጥ የነበረው የታችኛው የከባቢ አየር ንብርብር ይጠፋና ሞገዱ ከላይ እየነጠረ ሩቅ ይደርሳል። ከማሰራጫው በመካከለኛ ርቀት ያለ አድማጭ በመሬት የመጣውንና ከሰማይ የነጠረውን አንድ ላይ ይቀበላል፤ ሁለቱ በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይጠፋፋሉ። ተሸካሚው ሞገድ ከጠፋና ድምፁ የተሸከመበት ጎን ከተረፈ፣ ተራው ሬዲዮ ቅርፁን ማንበብ ያቅተውና ንግግሩ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይሆናል። ድምፅ መቀነስም መጨመርም አይፈውሰውም። ሲንክ የሚል ቁልፍ ያለው መቀበያ ተሸካሚውን በራሱ ስለሚተካ ይህን በደንብ ያስተካክላል። አጭር ሞገድ የሚሰሙ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሬዲዮ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚይዙት ወደው አይደለም።

ኤኤሙን ቤት ውስጥ ማዳን

ብዙ ሰው ኤኤም ሲንጫጫበት የሚመዘዘውን አንቴና እስከ ጫፉ ይስበዋል። በአብዛኛው ሬዲዮ ላይ ያ አንቴና ለኤፍ ኤምና ለአጭር ሞገድ ብቻ ነው። የመካከለኛ ሞገዱ አንቴና ውስጥ ነው፤ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ፣ በሬዲዮው ረጅም ጎን ተጋድሞ። ይህ ዘንግ በጎኑ በደንብ ይሰማል፣ በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ደንቆሮ ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ እንደ ሰዓት እጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጣቢያው ጎልቶ የሚመጣበትን ብቻ አትፈልጉ፤ ጫጫታው የሚሞትበትንም ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ጫጫታውን ማደን ነው። ሬዲዮውን ከመብራት ነቅላችሁ በድንጋይ አድርጉት፤ የራሱ አዳፕተር ራሱ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን ዝጉ። ጫጫታው ከጠፋ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ብሬከሩን መልሱና ዕቃውን አንድ በአንድ እየሰካችሁ አዳምጡ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ቴሌቪዥን፤ ከነዚህ አንዱ ነው። ሁሉም ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ የሚሠሩ ናቸው፣ ያ መቆራረጥ ነው መካከለኛ ሞገድ ላይ የሚዘንበው። ቻርጀሩን ከሬዲዮው ሁለት ሜትር ማራቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው ኢንቨርተር የዚሁ ትልቁ ወንድም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ አምራቾች ኤኤምን ከመኪናቸው ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኤኤም በየመኪናው እንዲኖር የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ የቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ብረት የበዛበት የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትም እንደዚያው። መስኮት ዳር ማስቀመጥ ካልበቃ ሉፕ አንቴና ሥሩ። ሽቦው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ካሬ እንዲሠራ የሚያደርግ የእንጨት መስቀል፣ ጫፎቹ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት የተነጨሩ ቦዮች፣ በነሱ ላይ ጎን ለጎን 14 ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽፋን ያለው ሽቦ፤ 34 ሜትር ገደማ ይፈጃል። ከሞተ ሬዲዮ ውስጥ የሚሽከረከረውን ኮንደንሰር አውጡ፣ ሁለቱን የኤኤም ክፍሎቹን አንድ ላይ አያይዙና የሽቦውን ሁለት ጫፍ ከሱ ጋር ብየዱ። ከሬዲዮው ጋር ምንም ሽቦ አይገናኝም። ክፈፉን አቁማችሁ ሬዲዮውን በአጭር ጎኑ በኩል አስጠጉት፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ክፈፉን በመሀል የሚወጋ እንዲመስል። ሬዲዮውን ጣቢያው ላይ አድርጋችሁ ኮንደንሰሩን ስታዞሩ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ብድግ ይላል። ብድግ የሚለው ኮንደንሰሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ከሆነ አንድ ሁለት ዙር ጨምሩ፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከሆነ ቀንሱ። 873 በዚህ ልክ ከመሀሉ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።

ለሚያሰራጩት

ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ከአንዲት ክፍል ሆነው በአማርኛ የሚያሰራጩ ሰዎች ብዙዎቹ ስህተታቸው አንድ ነው፦ ድምፁን የሚወስዱት ከተሳሳተ ቦታ ነው። ከሚክሰሩ መውጫ በቀጥታ ውሰዱ። የኤኤም ወይም የኤፍ ኤም ፕሮሰሰር (ድምፁን ለማሰራጫው የሚያዘጋጀው ዕቃ) ካለፈ በኋላ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ ቀጭኑ ተጋኖ፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ኮዴኩ ያንን የተቀጠቀጠ ጫፍ ለማሸግ ቢቱን ሁሉ ይጨርሳል። በላፕቶፑ ትንሽ ቀዳዳ ፋንታ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ተጠቀሙ፤ የመብራት እምምታው ካልለቀቀ በሚክሰሩና በካርዱ መካከል ማግለያ ትራንስፎርመር አስገቡ።

የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ኤኢኤስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለስትሪም ያወጣው ምክር አማካይ ጩኸቱ ከ−20 እስከ −16 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መለኪያ)፣ ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይል ነበር፤ በ2021 በአዲስ ምክር ተተክቷል። −16 ያዙ፣ ስልክ ላይ ይሰማል። ንግግር ከሆነ ኤምፒ3 64 ሞኖ ማንኛውም አሮጌ ስልክ ይከፍተዋል፤ ከጎኑ 32 ኪሎቢት ኤችኢ-ኤኤሲ ለዳታ ቆጣቢው ልቀቁ። 500 ሰው በ64 ቢሰማ ሰርቨሩ 32 ሜጋቢት በሰከንድ ማውጣት አለበት፤ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አባዙ። ከስቱዲዮ ወደ ሰርቨሩ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ። እንግዳ ከአገር ቤት ስትጋብዙ ደግሞ፣ ቀጥታ ካልሆነ በስልክ ከመቅዳት መልሱን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክ። እሱ በኦፐስ የታሸገ ስለሆነ ከስልክ መስመር እጅግ ሰፊ ነው፣ "ሰ"ዋ ሳትቆረጥ ትመጣለች።

አንድ የቀረ ነገር፣ ከአሜሪካ በስጦታ ስለሚመጣው ዲጂታል ሬዲዮ። አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት 1080 ጥርት ይላል፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ግን ይጨማደዳል፤ "ሰ"ዎቹ ይፋጫሉ፣ ድምፁም ግማሹ የተበላ ይመስላል። ሬዲዮው አልተበላሸም። በ10 ኪሎ ኸርዝ ስለሚዘል ያለው ምርጫ 870 ወይም 880 ነው፤ 870 ላይ ሲቆም ከ873 በ3 ኪሎ ኸርዝ ስቶ ማጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው የሚሰማው። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ 9 እና 10 የሚል መቀያየሪያ ይኖረዋል፤ ከሌለው ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ሳለ አንድ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ይቀየራል፣ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መመሪያው ላይ ይገኛል። ሲቀየር የተቀመጡ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጠፉ ቀድማችሁ ጻፏቸው። 1080 ላይ ግን ከመቀየሩ በፊትም በኋላም ልዩነት አትሰሙም፤ ለ9ም ለ10ም ይካፈላል።